የገበሬው ጊዜና የካሜራው ጊዜ፤ ታላላቅ የፊልም አዘጋጆች ከይፋግ ሜዳ ሲታዩ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታን ካለፈ በኋላ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፥ የርብን ወንዝ ተሻግሮ ይፋግ ይደርሳል። ይፋግ በ19ኛው ምእት ዓመት ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዱ የነበረ፥ የውጭ አገር መንገደኞችም ስለ ገበያውና ስለ ወይኑ በመጽሐፎቻቸው ያነሡት ሥፍራ ነው። ዛሬ በመኪና የሚያልፍ ሰው ይህን ሁሉ አገር በጥቂት ጊዜ ውስጥ አይቶ ይጨርሰዋል። የሚያየውም በወቅቱ ያጋጠመውን ብቻ ነው፤ በነሐሴ ቢያልፍ ውሃ የተኛበትን ሜዳ፥ በኅዳር ቢያልፍ የቆመውን አዝመራ፥ በሚያዝያ ቢያልፍ የተሰነጣጠቀውን ጥቁር መሬት ያያል። በሜዳው ላይ የሚኖረው ገበሬ ግን ሦስቱን አንድ አድርጎ ያውቃቸዋል። የክረምቱ ውሃ ካልተኛ ጥቁሩ መሬት እርጥበት እንደማይዝ፥ እርጥበት ካልያዘም ውሃው ሲሸሽ የሚዘራው ሽምብራና ጓያ እንደማይበቅል ከአባቱ ተምሮታል።

በአላፊ ዐይንና በነዋሪ ዐይን መካከል ያለው ይህ ልዩነት የፊልም አዘጋጆችን ለመመዘንም ይጠቅማል። የሲኒማ ወዳጆች ዳይሬክተር የሚባሉትን ታላላቅ አዘጋጆች ሲቈጥሩ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት የሥዕሉን ውበት፥ የታሪኩን አሰካክ፥ የተገኘውንም ሽልማት ነው። እነዚህ ነገሮች ዋጋ አላቸው። ሆኖም የሕዝብን ኑሮና ልማድ ለሚያጠና ሰው ከእነርሱ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አዘጋጁ የሰዎቹን ጊዜ የለካው በማን ሰዓት ነው የሚለው ነው። በፊልም ላይ ገበሬ ሲያርስ የሚታየው ለዐይን ጥቅሻ ያህል ብቻ የሆነ እንደሆነ ያ ገበሬ ለታሪኩ ጌጥ ሆኖ ተቀምጧል። ከትልም እስከ ትልም ያለው ድካም ተመልካቹ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ የታየ እንደሆነ ግን ፊልሙ ስለ ሥራው ራሱ አንድ ነገር ተናግሯል ለማለት ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ስለ ሕዝብ ኑሮ ከተሠሩት ረዣዥም ፊልሞች መካከል ቀደም ብሎ ስም ያገኘው የአሜሪካዊው የሮበርት ፍላኸርቲ ‹ናኑክ› ነው። በ1922 ለሕዝብ የታየው ይህ ሥራ በሰሜናዊ ካናዳ በረዶ ውስጥ የሚኖረውን የአንድ አዳኝ ቤተ ሰብ ያሳያል። ፍላኸርቲ ከሰዎቹ ጋር ኖሯል፤ ትዕግሥቱም ከሥራው ይታያል። ነገር ግን አዳኞቹ በዚያን ጊዜ ጠመንጃ የሚያውቁ ሲሆኑ፥ በፊልሙ ውስጥ እንደ አባቶቻቸው በጦር እንዲያድኑ አድርጓል። በ1934 ባወጣው ‹የአራን ሰው› በተባለው ሥራም የአይርላንድ ደሴት ነዋሪዎች ከረጅም ዘመን በፊት የተዉትን የሻርክ አደን ለካሜራው ሲሉ እንደ ገና እንዲለማመዱት ሆኗል። ፍላኸርቲ ታላቅ አዘጋጅ መሆኑ አይካድም። ያም ሆኖ ሰዎቹ በሚኖሩበት ዘመን ላይ እርሱ የናፈቀውን ዘመን ጭኖበታል።

ከእርሱ በኋላ የተነሣው ፈረንሳዊው ዣን ሩሽ የፊልም አዘጋጅም የሕዝብ ልማድ አጥኚም ነበር። በኒጄር ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ጉማሬ ሲያድኑ የሚያሳየውን ፊልሙን ከሠራ በኋላ ወደ መንደራቸው ተመልሶ ለራሳቸው አሳያቸው። አዳኞቹ ፊልሙን ካዩ በኋላ በአደኑ ትዕይንት ላይ የተጨመረውን ሙዚቃ ነቀፉ፤ በአደን ጊዜ ዝምታ እንደሚያስፈልግ፥ ጉማሬውም ድምፁን ቢሰማ እንደሚሸሽ ነገሩት። ሩሽም ነቀፌታውን ተቀብሎ ሙዚቃውን አወጣው። በዚህ ትንሽ ታሪክ ውስጥ ታላቅ የሂስ መመሪያ አለ። ፊልም የተነሣበት ሰው ፊልሙን ቢያይ ምን ይላል? ከከተማ ሃያሲዎች የተሰወረው ስሕተት ለእርሱ ወዲያው ይታየዋልና፥ ፍርዱ ሊጠየቅ ይገባል።

በልብ ወለድ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ ፊልሞችም በዚህ መመሪያ ሊመዘኑ ይችላሉ። የሕንዱ ሳትያጂት ራይ በ1955 ያወጣው ‹ፓተር ፓንቻሊ› በቤንጋል ገጠር የምትኖረውን የአንዲት ድኻ ቤተ ሰብ ኑሮ የሚተርክ ሲሆን፥ አዘጋጁ ገንዘብ ባገኘ ቍጥር ጥቂት ጥቂት እያለ ለሦስት ዓመት ያህል የደከመበት ሥራ ነው። በፊልሙ ውስጥ ልጅቱ ዱርጋ በክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ተደስታ ከታጠበች በኋላ ታማ ትሞታለች። ዝናቡ ለእርሻው ሕይወት ሲሆን ለልጅቱ ሞት መሆኑን ራይ በቃል አያስረዳም፤ ተመልካቹ ዝናቡን ከሰዎቹ ጋር ሲጠባበቅ ቆይቶአልና ማስረጃ አያስፈልገውም። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ ደግሞ በ1954 በሠራው ‹ሰባቱ ሳሙራይ› ሽፍቶች አዝመራቸውን እንዳይዘርፉባቸው ጦረኞችን የቀጠሩ ገበሬዎችን ታሪክ ይነግራል። ኩሮሳዋ ገበሬዎቹን አያቆላምጥም፤ እህል ይደብቃሉ፥ ከወደቁ ጦረኞች የገፈፉትንም መሣሪያ ይሸሽጋሉ። በመጨረሻው ትዕይንት ግን ሰዎቹ በከበሮና በዘፈን ሩዝ ሲተክሉ፥ ከሰባቱ ጦረኞች የተረፉት ሦስቱ ቆመው ያዩአቸዋል። ድሉ የማን እንደ ሆነ ከዚህ ትዕይንት ይታወቃል።

በእነዚህ አዘጋጆች ተርታ ሊቆሙ ከሚገባቸው መካከል የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ይገኛሉ። በ1946 የተወለዱት ኃይሌ፥ አባታቸው ገሪማ ታፈረ የቴአትርና የታሪክ ጸሓፊ ስለ ነበሩ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከቴአትር ጋር የተዋወቁ ናቸው። በሌላ በኩል ጎንደር የጣሊያን ወረራ ካስተዋወቃት ሲኒማ ጋር የቆየች ከተማ ስለ ሆነች የአሜሪካ ፊልሞችን እያዩ አድገዋል። እርሳቸው ራሳቸው በቃለ መጠይቅ እንደ ተናገሩት፥ በልጅነታቸው ከጓደኞቻቸው ጋር በጎንደር ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ የካውቦይና የሕንዶችን ጨዋታ ሲጫወቱ፥ ሕንዶቹ አገራቸውን የተነጠቁ ሰዎች መሆናቸውን አያውቁም ነበር። በ1967 ለትምህርት ወደ ቺካጎ ሄደው ቴአትር ከተማሩ በኋላ፥ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ተከታተሉ፤ ከ1975 ጀምሮም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን አስተምረዋል። የሥራዎቻቸው ሁሉ መነሻ ያ የልጅነት ጨዋታ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የሌላውን ፊልም የሚያይ ሕፃን በራሱ ላይ ለተነሣ ሰው ሊያጨበጭብ እንደሚችል ተረድተዋልና።

የኢትዮጵያን ገጠር የሚመለከተው የመጀመሪያው ታላቅ ሥራቸው ‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት› ነው። ሥራው የተቀረጸው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት በ1974 በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም፥ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎችና በአማርኛ ቋንቋ የተሠራ ሲሆን፥ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የገበሬ ቤተ ሰብ በባለመሬት ትእዛዝ ሥር ያርሳል፥ ከብት ይጠብቃል፥ ያዘመራል፤ ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዝዛል፥ ይሳደባል። መሬቱን የተነጠቀውና አገሩ ሁሉ እንደ እብድ የሚቈጥረው ከበበ ግን ሌሎች የማይናገሩትን እውነት ይናገራል። እረኛይቱ ልጅ የባለመሬቱን ላም ከጎርፍ ለማዳን ስትል ሕይወቷን ታጣለች። በመጨረሻም ከበበ ባለመሬቱን ይገድለዋል።

የፊልሙ ብልጫ ከታሪኩ ይልቅ ጊዜን በሚይዝበት መንገድ ላይ ይገኛል። ካሜራው ከሩቅ ቆሞ ሰው ከአድማስ ተነሥቶ እስኪቀርብ ድረስ ይጠብቃል፤ እርሻውም፥ እንጨት ሸክሙም፥ ከብት ነዳውም በሚፈጁት ጊዜ መጠን ይታያሉ። ፈጣን ፊልም የለመደ የከተማ ተመልካች በዚህ ይሰለቻል። ይሁን እንጂ መሰልቸቱ ራሱ አንድ ነገር ያስተምረዋል፤ የሰለቸውን ያህል ጊዜ ገበሬው በፀሓይ ላይ ቆሞበታልና። የጎርፉም ትዕይንት ኀይሉን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ወርደው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ያየ የፎገራ ሰው፥ ልጅቱ ወደ ውሃው ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት ከሌላው ተመልካች ሁሉ አስቀድሞ ያውቃል። የሌላ ሰው ከብት የሚጠብቅ እረኛ ላሟ ከምትጠፋ ራሱ ቢጠፋ እንደሚሻለው ማሰቡንም ያውቃል። ራይ በዱርጋ ሞት የደረሰበትን ኃይሌ በዚህች እረኛ ሞት ደርሰውበታል።

በፊልሙ ውስጥ ባልና ሚስቱ እንደ በሬ በቀንበር ተጠምደው ሲያርሱ የሚታዩበት የሕልም ትዕይንትም አለ። ይህ ትዕይንት ለብዙ የውጭ አገር ሃያሲዎች የፖለቲካ ምሳሌ ሆኖ ታይቷቸዋል። ለአገሬው ሰው ግን ከዚያ የቀረበ ትርጉም አለው። በገበሬ ቤት በሬ የሀብት ሁሉ ራስ ነው፤ በሬው የሞተበት ሰው ከጎረቤት ይለምናል፥ ይቀናጃል፥ ሳይሆንለት ሲቀርም መሬቱን ለሌላ ያሳርሳል። ሰው ራሱ በሬ ሆኖ መታየቱ እንግዲህ ገበሬ በእውን የሚፈራው ውርደት በሕልም የመጣ ነው። በዚህ ሥፍራ አዘጋጁ ምሳሌውን ያገኙት ከገበሬው አሳብ ውስጥ ነው።

ይህን ያህል ከተመሰገነ በኋላ ግን ፊልሙ አንድ ብርቱ ጥያቄ ሊቀርብበት ይገባል። የይፋግ ሽማግሌ ይህን ሥራ ቢያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹መሬቱ የማን ርስት ነው?› ብሎ ይመስላል። በበጌምድርና በጎጃም፥ እስከ 1975 የመሬት አዋጅ ድረስ፥ አብዛኛው ገበሬ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ከአቅኚ አባት በመወለዱ ርስት የሚያገኝ ባለርስት ነበር። ከርስቱ በላይ ደግሞ ጉልት የተሰጠው ጌታ ወይም ደብር ግብር ይቀበል፥ ሁዳድ ያሳርስ ነበር። ርስት የሌላቸው፥ በተለይም በእስልምና እምነታቸው ወይም እንደ ሽመናና ቀጥቃጭነት ባለ ሙያቸው ምክንያት ከርስት የተገለሉ ሰዎች፥ በሌላው መሬት ላይ በጭሰኝነት ይኖሩ ነበር። ስለዚህ የዚህ አገር ገበሬ ብዙ ዕድሜውን የሚጨርሰው ከወንድሞቹና ከዘመዶቹ ጋር በርስት ሙግት ነበር። በፊልሙ የሚታየው ዓይነት፥ መላውን መሬት ለብቻው ይዞ ጭሰኞችን የሚያስተዳድር ባለመሬት፥ ይበልጥ የሚመስለው በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ከተደረጉት ዘመቻዎች በኋላ በደቡብ አውራጃዎች የተቋቋመውን ሥርዓት ነው።

አዘጋጁ ይህን ልዩነት ሳያውቁ ቀርተዋል ለማለት አይቻልም። ‹ሦስት ሺህ ዓመት› የሚለው ቃል በዘመኑ መንግሥት ስለ ሰሎሞናዊው ዙፋን ዕድሜ ሲመካበት የነበረ ቃል ነው። ኃይሌ ቃሉን ወስደው፥ ያ ሁሉ ዘመን ለገበሬው ያስገባለት ምርት ምንድን ነው ብለው ጠይቀውበታል። እንደ ስላቅ ሲታይ ጥያቄው ስለታም ነው፤ የሁዳድና የግብር ሸክም በሰሜንም ቢሆን የታወቀ ነበርና መሠረት የሌለው አይደለም። እንደ ታሪክ ሲታይ ግን አንዱን የመሬት ሥርዓት የሁሉ፥ የአንድን ምእት ዓመት ጉዳይም የሠላሳ ምእት ዓመት ያደርገዋል። ፊልሙ በውጭ አገር ትምህርት ቤቶች ‹የኢትዮጵያ ገበሬ› መልክ ሆኖ በሚታይበት ጊዜ ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም፤ በአገር ውስጥ ያለው የኑሮ ልዩነት ተደፍኖ አንድ ወጥ ሆኖ ይቀራልና። ፍላኸርቲ በአራን ደሴት ላይ የሠራውን ስሕተት በሌላ መልክ መድገም ይሆናል። ልዩነታቸው አንዱ ያለፈውን ዘመን በመናፈቅ፥ ሌላው ያለፈውን ዘመን በመቈጣት ማድረጋቸው ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2008 የወጣው ‹ጤዛ› ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። በጀርመን አገር ሕክምና የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ፥ ትዝታው ተበታትኖ፥ በ1990 ግድም በጣና ዳር ወደሚገኘው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። አገሩ በጦርነት ላይ ነው፤ ወታደሮች ለዘመቻ ወጣቶችን ያድናሉ፥ ልጆቹም በዋሻ ይደበቃሉ። ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ ጣሊያኖች የተከሉት ሐውልት ቆሟል። የአንበርብር አባት ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ የሞተ አርበኛ ነውና፥ ሐውልቱ ለሌላው ድንጋይ ሲሆን ለዚህ ቤት የቍስል ምልክት ነው። ፊልሙ በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት፥ በ2009ም በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል።

የ‹ጤዛ› መንደር ከ‹ምርት› መንደር ይልቅ ለኑሮው የቀረበ ነው። የአንበርብር እናት ልጇ ሲጮኽና ሲቃዥ እያየች የሳይንስንም የፖለቲካንም ስም አትጠራም፤ እንደ ማንኛዪቱም የአገሩ እናት ወደ ጠበል ታስወስደዋለች። አዘጋጁ በዚህ ላይ አይስቁም፥ አያመጻድቁትምም። ጠበሉ ሐኪሙን አያድነውም፤ ነገር ግን የመንደሩ ሰው ሕመሙን የሚረዳበት ቋንቋ እርሱ ብቻ እንደ ሆነ ተመልካቹ ይገነዘባል። ልጇን በውሃ በማስጠሟ ከሰው የተገለለችውን አዛኑን እናቲቱ በቤቷ መቀበሏም በአንድ መንደር ውስጥ ፍርድና ምሕረት ጎን ለጎን እንዴት እንደሚኖሩ ያሳያል። እዚህ ላይ ሽማግሌው የሚያነሣው ተቃውሞ ያለ አይመስልም።

ድካሙ የሚታየው ከመንደሩ ውጭ ባሉት ክፍሎች ነው። በጀርመን የተማሪዎች ስብሰባና በአዲስ አበባ የአብዮቱ ዘመን ሰዎቹ እርስ በርስ ከመነጋገር ይልቅ ለተመልካቹ ንግግር የሚያደርጉበት ጊዜ ይበዛል። በመንደሩ ውስጥ ዝምታን እንዲህ አድርገው የሚያውቁት አዘጋጅ፥ የተማሩ ሰዎች ዘንድ ሲደርሱ ሁሉን በቃል ያስነግራሉ። ምናልባት ያ ትውልድ በእርግጥ እንዲህ ይናገር ነበር ተብሎ ይመለስ ይሆናል፤ መልሱም ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ የንግግሩ ርዝመት የሰዎቹን ልዩ ልዩ ጠባይ ስለሚያደበዝዘው፥ ከእነርሱ የአንዱ ሞት የእናቲቱን ዝምታ ያህል አይከብድም።

ከኃይሌ በኋላ ከተነሡት መካከል አቶ ያሬድ ዘለቀ በ2015 በካን የፊልም በዓል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በገባው ‹ላምብ›፥ ማለት ‹ጠቦት›፥ በተባለው ሥራቸው ይህንኑ ሰሜናዊ አገር በሌላ ዐይን አይተውታል። እናቱ የሞተችበት ልጅ ኤፍሬም ከሚወዳት በጉ ጋር በዘመድ ቤት ይቀመጣል። ልጁ ከእናቱ የተማረው ሙያ ወጥ መሥራት ነው፤ አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር መቀመጡን ያፍርበታል፥ በጓንም ለመስቀል ሊያርዳት ያስባል። የወንድና የሴት ሥራ ድንበር ምን ያህል የጸና መሆኑን ስለዚህ ጉዳይ ከተጻፉት ብዙ ገጾች ይልቅ አንድ ልጅ ድስት ሲያማስል የሚታይበት ትዕይንት ያስረዳል። በፊልሙ ውስጥ ተራሮቹ እጅግ ስለሚያምሩ አልፎ አልፎ የመንገደኛው ዐይን የነዋሪውን ዐይን ይጋርደዋል። ምድጃው ዘንድ ሲመለስ ግን ፊልሙ ቤቱን ያውቃል።

እንግዲህ ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ አንድ ውሳኔ ላይ መድረስ ይቻላል። ታላቁን አዘጋጅ ከሌላው የሚለየው የሰዎቹን ጊዜ በራሳቸው ሰዓት መለካቱ ነው፤ ይህንንም ‹ምርት› በእርሻው፥ ‹ጤዛ› በእናቲቱ ቤት፥ ‹ላምብ› በምድጃው ዘንድ ፈጽመውታል። ሦስቱም የሚዝሉት ሰዎቹን ትተው ስለ ሰዎቹ ባላቸው አሳብ ወይም ባዩት ውበት ሲወሰዱ ነው። የኃይሌ ታላቅነት ከዚህ ነቀፌታ በኋላም ይጸናል፤ ራሱ ነቀፌታው እንኳ ሊቀርብ የቻለው ፊልሞቻቸው ከሥራና ከመሬት ጋር ጠበቅ ብለው የተያያዙ በመሆናቸው ነው። ስለ ገጠር የተሠሩ ብዙ ፊልሞች ‹ርስቱ የማን ነው?› ተብለው ለመጠየቅ የሚበቃ መሬት በውስጣቸው የላቸውም።

የይፋግና የፎገራ ሜዳም ዛሬ ሌላ ዘመን ላይ ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ለሙከራ የገባው ሩዝ ከ1990ዎቹ ወዲህ ተስፋፍቶ፥ የክረምቱ ውሃ የሚተኛበት የግጦሽ መሬት ሰፊው ክፍል ታርሷል። በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብትም የሚሰማራበት መስክ ጠቧል። ውሃ ሲመጣ ከብቱን ወደ ደጋው የሚያወጣው፥ ሲሸሽም የሚመልሰው እረኛ የሚያውቀው ጊዜ ቀስ በቀስ በሌላ ጊዜ እየተተካ ነው። ኩሮሳዋ ሩዝ ተካዮቹን በከበሮና በዘፈን ያሳየው አገሩ ሩዝን ለብዙ ምእት ዓመታት ስለ ኖረችበት ነው፤ ፎገራ ግን ለዚህ አዲስ ሰብል ገና ልማድ፥ የሥራ ዘፈንና ምሳሌ እያበጀች ነው። ልማድ ሲወለድ ማየት ለአጥኚም ለፊልም አዘጋጅም በየጊዜው የማይገኝ ዕድል ነው። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ከሩሽ የሚማረው ነገር አለ፤ ፊልሙን ከጨረሰ በኋላ ወደ ይፋግ ተመልሶ በገበያው ቀን ለሕዝቡ ያሳይ፥ ሽማግሌዎቹም የሚሉትን ቁጭ ብሎ ይስማ። ሙዚቃውን አውጣ ያሉት እንደሆነም ያውጣ።